ጋሼ እንድሪስ እና ውሸታሟ መኪና

ጋሼ እንድሪስ ማረፋቸውን የሰማሁት ፋሲሎ ሰፈር፣ ጸጉር ቤት ውስጥ፣ ራሴ ሳሙና በሳሙና ሆኖ አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ ሳለ ነው። የጸጉር ቤቱ ባለቤት ሰብለ ውኃውን ዘጋችና «ጋሼ እንድሪስ እኮ ሞቱ፤ አልሰማሽም?» አለችኝ። ጠዋት አርፈው ከቀትር በፊት ተቀብረዋል። እኔ ስሰማ ከተቀበሩ ሳምንት አልፏቸው ነበር። ደንግጬ ልነሣ ስል ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገባ። አለቀስሁ። ከዕንባዬ የትኛው የሳሙናው፣ የትኛው የሐዘኑ እንደነበር እኔም አላውቅም። ሰብለ ግን ሁሉንም ለሐዘኑ ቆጥራልኝ፣ ሒሳብ አልቀበልም ብላ ሸኘችኝ።

ጋሼ እንድሪስ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። የተወለዱት ጣና ዳር ነው፤ አባታቸውና ወንድሞቻቸው ዓሣ የሚያጠምዱ፣ ጀልባ የሚሠሩ የሙስሊም ቤተሰብ ናቸው። እሳቸውም የጀመሩት በጀልባ ሞተር ነው። ወደ መኪና ለምን እንደዞሩ ሲጠየቁ «ውኃ ላይ ሞተር ሲጠፋብህ ትጸልያለህ፤ መንገድ ላይ ሲጠፋብህ ትሳደባለህ። እኔ ስድብ ወዳለበት መጣሁ» ይሉ ነበር።

አጭር፣ ወፍራም፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሰው ነበሩ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሳቸው ግን በክራቫታቸው ነው። ፍሬን ሲያስተካክሉ ወይም ባትሪ ሲቀይሩ እንደማንኛውም መካኒክ በቱታቸው ነበሩ። የመኪናው ሕመም የኮምፒውተር ነው ብለው ከጠረጠሩ ግን እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡና፣ ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ቀይ ክራቫት አውርደው ዘይት በጠገበው ቱታ ላይ ያስሩ ነበር።

«ለምንድን ነው ጋሼ?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«ሞተሩ ሠራተኛ ነው፤ ኮምፒውተሩ አለቃ ነው። አንቺ አለቃሽ ዘንድ በቱታ ትገቢያለሽ?»

አንድ ጊዜ ታዲያ ክራቫቱን የሞተሩ ቺንጋ፣ ያ የሚሽከረከረው ቀበቶ፣ ያዘውና ፊታቸውን ከሞተሩ ጋር ሊያጋጥማቸው ሲል፣ አብሯቸው የሚሠራው ጓደኛቸው ሙሉጌታ በመቀስ ቆርጦ አዳናቸው። ሌላ ክራቫት አልገዙም። ከዚያ ወዲህ በግማሽ ክራቫት ነበር የሚሠሩት።

እኔ የተዋወቅኋቸው በመሥሪያ ቤቴ መኪና ምክንያት ነው። ያኔ የምሠራው በአንድ አነስተኛ የመስኖ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት፣ ስምሪት ክፍል ነበር። ሥራዬ መኪና ለማን፣ መቼ፣ ወዴት እንደሚወጣ መወሰን ይባላል እንጂ፣ ያለችን አንዲት ነጭ ስቴሽን ዋገን ስለነበረች ብዙ የሚወሰን ነገር አልነበረውም። ሾፌሯ ደምሴ ነው። ደምሴ ካልጠየቁት የማይናገር፣ ሲጠይቁትም አሳጥሮ የሚመልስ፣ መኪናዋን ከቤቱ ባመጣው ፎጣ የሚወለውል ሰው ነበር።

ይህች መኪና አንድ ክረምት አመል አወጣች። ከቢሮ ስትነሣ ደህና ናት። ከሞቀች በኋላ ግን ሳል እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጥና፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት አብርታ ቀጥ ትላለች። ተሳፋሪዎቹ ይወርዳሉ፣ ያማርራሉ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ያወራሉ። ወሬ ሲያልቅባቸው ደምሴ ቁልፉን ያዞራል፤ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ትነሣለች። ጋራዥ ስትደርስ ደግሞ ጤነኛ ናት።

ቢሮው በሙሉ መካኒክ ሆነ። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ቤንዚኑ ነው አለ። የንብረት ክፍሏ ዓይን በልቷታል አለች። የበር ጠባቂው ደግሞ መኪናዋ አቀበት አትወድም አለ። ከተማው ሜዳ መሆኑን ብንነግረው «ታዲያ ለዚህ አይደል አቀበት ያልለመደችው!» ብሎ ዝም አሰኘን። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ምትኩ ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቋሙ። እኔም ስምሪት ነሽ ተብዬ ገባሁበት።

ኮሚቴው ነገሩን በዓይኑ ለማየት መኪናዋ ውስጥ ተጨናንቆ ከከተማው ዳር ወዳለችው ዘንዘልማ ጉዞ ጀመረ። አባይ ድልድይ መሐል ስንደርስ ጠፋች።

የድልድዩ ጥበቃ እየሮጠ መጣ። «እዚህ መቆም ክልክል ነው!»

«እኛ አልቆምንም፤ እሷ ናት የቆመችው» አለ የሒሳብ ክፍሉ።

«እናንተ ምንድን ናችሁ?»

«ኮሚቴ ነን።»

«የምን ኮሚቴ?»

«ለምን እንደምትቆም የምናጣራ።»

ጥበቃው አንዴ መኪናዋን፣ አንዴ እኛን አየ። «እንግዲህ ቆማለች፤ አጣሩና ግፉ» አለን። ገፍተን አሻገርናት። ኮሚቴው በማግሥቱ ተሰብስቦ መኪናዋ በእርግጥ እንደምትቆም በሙሉ ድምፅ አረጋገጠ።

ያን ጊዜ ነው ጋሼ እንድሪስ የተጠሩት። መመርመሪያ ማሽናቸውን ሰክተው አነበቡ፤ ማሽኑ አንዱ ሴንሰር፣ ለኮምፒውተሩ መረጃ የሚልከው ዕቃ፣ ተበላሽቷል አለ። ተቀየረ። መኪናዋ ቆመች። እንደገና ሰኩ፤ ማሽኑ አሁን ሌላ ሴንሰር ነው አለ። እሱም ተቀየረ። ቆመች። ጋሼ እንድሪስ ተናደዱ። «ይህች መኪና ትዋሻለች! ዛሬ ጉሮሮዬን ትላለች፣ ነገ ወገቤን ትላለች፤ እንዲህ ያለ በሽተኛ አይቼ አላውቅም!»

ከዚያ ያ የማልወደው ቀን መጣ። አቶ ምትኩ ትዕግሥታቸው አልቆ ጋሼ እንድሪስን ግቢያችን ድረስ አስመጧቸው። ሠራተኛው ሁሉ ሊያይ ወጣ። ጋሼ እንድሪስ ከመኪናዋ ታንክ ትንሽ ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀዱና ወደ ፀሐይ ከፍ አደረጉት። ከሥር የተኛ ውኃ ለሁላችንም ታየን።

«ውኃ!» አሉ በዚያ ድምፃቸው። «ውኃ በገዛ እግሩ ሄዶ ታንክ ውስጥ አይገባም። ቤንዚን ቀድቶ በቦታው ውኃ የሚሞላ ሰው አለ!»

ስም አልጠሩም። ግን ዓይናቸው ደምሴ ላይ አረፈ፤ የሁላችንም ዓይን ተከተላቸው። ደምሴ በእጁ የያዘውን ፎጣ አጠፈ፣ እንደገና ዘረጋ፣ እንደገና አጠፈ።  አቶ ምትኩ እዚያው ቁልፉን ተቀበሉት። የዲሲፕሊን ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ በር ላይ ከጠባቂው ጋር እንዲቀመጥ ተደረገ፤ ጠርሙሱም ማስረጃ ተብሎ አቶ ምትኩ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት። ደምሴ ለሚስቱ «ሌላ ሥራ ሰጥተውኛል» ብሏት ነበር አሉ። እሷም ዕድገት መስሏት ለጎረቤት ነግራለች።

ታንኩ ታጠበ፤ አዲስ ቤንዚን ተሞላ፤ ሌላ ሾፌር ተቀጠረ። መኪናዋ ቆመች።

እየጎተትን ጋሼ እንድሪስ ጋራዥ ወሰድናት። እኔ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። የቀትሩ የዙሁር ሶላት ሰዓት ደርሶ ጋሼ እንድሪስ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት፣ የውኃ ጠርሙስ አነሡ፤ አነሥተውም አዩት።

«ሙሉጌታ፣ ይህ አዲስ ነው። የድሮው ጠርሙሴ የት ገባ?»

«ያን ቀን ለቤንዚኑ ይዘኸው ሄድህ አይደል እንዴ?» አለ ሙሉጌታ መኪና ሥር ሆኖ።

ጋሼ እንድሪስ እጅጌያቸው እንደተሰበሰበ ደርቀው ቀሩ። «ውስጡ ውኃ ነበረበት?»

«የውዱእ ጠርሙስ መቼ ደርቆ ያውቃል?»

ጋሼ እንድሪስ ሲሳሳቱ የመጮህ ልማድ ነበራቸው። ሌላው መካኒክ የተሳሳተውን ብሎን በዝምታ ፈትቶ በዝምታ ያስራል፤ እሳቸው ግን መንገደኛ እስኪዞር ድረስ ይጮኹ ነበር። ያን ቀን ግን ከወትሮው ሌላ ነው የጮኹት። «ተሳስቻለሁ! ሰውን በውዱኤ ውኃ ሌባ አደረግሁት! ሰዎች፣ ስሙኝ፣ ተሳስቻለሁ!» ጎማ ጠጋኞቹ ሥራ አቆሙ። እኔ ተነሥቼ ቆምሁ። እሳቸው ዕቃቸውን ጥለው ሊሰግዱ ሄዱ፤ ከወትሮው ረዘም አድርገው ሰገዱ።

ሲመለሱ እጃቸውን ታጥበው ያቺን ግማሽ ክራቫት አሰሩ።

«ሴንሰሮቹ ሁሉ ተራ በተራ ይታመማሉ» አሉኝ፣ ጮክ ብሎ እንደሚያስብ ሰው። «ሁሉም አንድ ላይ ውሸታም ሊሆኑ አይችሉም። ሁሉንም የሚመግባቸው አንድ ነው፤ እሱ ነው የታመመው።» ከፊት ተሳፋሪው እግር አጠገብ ያለውን ክዳን ፈቱ። የሞተሩ ኮምፒውተር እዚያ ነው ያለው፤ ቁመቱ ከመጽሐፍ የማይበልጥ የብረት ሣጥን። ዳሰሱት። «ሲሞቅ ነው የሚስተው። ላረጋግጥ፤ የጸጉር ማድረቂያ አምጪልኝ።»

የሰብለ ጸጉር ቤት ከጋራዡ ቀጥሎ ነው። ሄጄ ብጠይቃት «ደንበኞቼስ?» አለች። ማድረቂያዋን ግን ሰጠችኝ። ደንበኞቿ ጸጉራቸው እንደረጠበ፣ አንዳንዷም ጸጉሯን በቢጎዲን እንደጠቀለለች፣ ማድረቂያውን ተከትለው ጋራዡ ውስጥ ተሰለፉ። ጋሼ እንድሪስ ሞተሩን አስነሥተው ኮምፒውተሩን በትኩስ አየር ማሞቅ ጀመሩ። ቆየ፣ ቆየ፣ መኪናዋ ተንቀጠቀጠችና ጠፋች። በካርቶን አራገቡለት፤ ሲበርድ ቁልፉን አዞሩ፤ ተነሣች። እንደገና አሞቁት፤ ጠፋች። አራገቡለት፤ ተነሣች። ቢጎዲን የጠቀለለችው ሴት እልል አለች፤ የቀሩትም ተከተሏት።

ሣጥኑን ሲከፍቱት የውስጡ ሰሌዳ አንድ ጥጉ ላይ ነጭ ነገር ጋግሮበት ነበር። ጋሼ እንድሪስ በጣታቸው ነክተው ቀመሱት።

«ጋሼ!» አልሁ።

«ጨው ጨው ይላል» አሉ ተፍተው። «የጣና ውኃ እንዲህ አይልም፤ እኔ በሱ ነው ያደግሁት። ይህ ፍልውሃ ነው። እዚህ እግር ሥር የወንዛዬ ውኃ የሚጭን ማነው?»

ነገርኋቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ የአቶ ምትኩ አማት እማማ ዘውዴ ጉልበታቸውን ሊታጠቡ ወንዛዬ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ጀሪካን ሞልተው ያመጣሉ። የሚሄዱት በመሥሪያ ቤቱ መኪና ነው። ይህን ቢሮው ሁሉ ያውቃል፤ የሚናገረው ግን የለም። ጋሼ እንድሪስ ሰሌዳውን ይዘው ተነሡ። ጋራዡ ኪራዩን የሚከፍለው በኛ መሥሪያ ቤት ሥራ እንደሆነ ሙሉጌታ ሳይቀር ያውቃል። «እንድሪስ፣ ተረጋግተህ አስብበት» አላቸው።

«ጠርሙሴ አቶ ምትኩ ቢሮ ተቆልፎበታል» አሉት።

በማግሥቱ የደምሴ ጉዳይ በአቶ ምትኩ ቢሮ እየታየ ሳለ በሩ ተከፈተ። ጋሼ እንድሪስ ናቸው፤ ክራቫታቸውን አስረዋል፤ ኮምፒውተሩን በፎጣ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈውታል።

«ስብሰባ ላይ ነን» አሉ አቶ ምትኩ።

«አውቃለሁ። የተሰበሰባችሁት በኔ ስሕተት ላይ ነው፤ ያለ እኔ እንዴት ይሆናል?»

ጠርሙሱ ወጣ። ጋሼ እንድሪስ የሆነውን ሁሉ ከነውዱኡ ተናገሩ። የሒሳብ ክፍሉ ግራ ገባው። «ታዲያ ማስረጃ ብለን የያዝነው የእርስዎ የመታጠቢያ ውኃ ነው?»

«ትንሽ ቤንዚን አለበት» አሉ ጋሼ እንድሪስ።

ማንም አልሳቀም። እሳቸው ቀጥለው ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ነጩን ነገር አሳዩ። «ይህ ደግሞ ፍልውሃ ነው። ከፊት ወንበር እግር ሥር ጀሪካን ሲያፈስስ ኖሯል።»

 የንብረት ክፍሏ ጣሪያ ማየት ጀመረች። አቶ ምትኩ «ዝናብ ይሆናል» አሉ።

«ዝናብ ጨው አይጥልም፣ አቶ ምትኩ።» ወደ ደምሴ ዞሩ። «አንተ የምትነዳት ነህ። ታውቅ ነበር?»

ደምሴ ወለሉን እያየ «እማማ ዘውዴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል» አለ። የከሰሳቸው እንዳይመስል ነው መሰለኝ፣ ጨመረበት። «ጀሪካኑ ከኋላ ሲጫን ይፈስሳል ብለው ነው እግራቸው ሥር የሚይዙት።»

እንግዲህ ሌባ ተብሎ በር ላይ ሲቀመጥ፣ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለማንም አልተናገረም ነበር። ጋሼ እንድሪስ ትንሽ ቆመው አዩት። ከዚያ በአባቱ ዕድሜ ያሉት ሰው «ደምሴ፣ በድየሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» ብለው ጉልበቱ ላይ ሊጎነበሱ ሲሉ፣ ልጁ ከወንበሩ ዘሎ ትከሻቸውን ያዛቸው። ሁለቱም ያለቅሱ ነበር። ክራቫቷ በመካከላቸው ተጣብቃ ለመላቀቅ ጊዜ ወሰደባቸው።

ደምሴ ቁልፉን አገኘ። መኪናዋ ግን ገና አልዳነችም። ጨው የበላው ሰሌዳ የሚጠገን አልነበረምና፣ ያገለገለ ግን ጤነኛ ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ ተገዝቶ በአውቶቡስ መጣ። ጋሼ እንድሪስ ግቢያችን መጥተው ገጠሙት። ደምሴ ቁልፉን ቢያዞር ሞተሩ አልነሣም አለ።

«የሌላ መኪና አእምሮ ነው የሰጠናት፤ የኛን ቁልፍ አታውቀውም» አሉ ጋሼ እንድሪስ። «ትሰርቁኛላችሁ ብላ ነው። እናስተዋውቃታለን።» አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ በስልክ እየመራቸው መመርመሪያ ማሽኑ ከሚሰካበት ሁለት ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ አገናኙና፣ ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ከፈቱት። አዲሱ ኮምፒውተር ቁልፉን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ማንም መኪናዋን መንካት የለበትም፤ በርም መክፈት አይቻልም። ጋሼ እንድሪስ በራሳቸው ሥልጣን ደግሞ መናገርም ክልክል ነው አሉ።

ሠራተኛው ሁሉ መኪናዋን ከቦ፣ እጁን አጣምሮ፣ በዝምታ ቆመ። አቶ ምትኩም ወጥተው ጥግ ላይ ቆሙ። በመንገድ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ በበሩ አሻግረው አዩንና ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ማን ሞቶባችሁ ነው ልጄ?» ሲሉ ጠባቂውን ጠየቁት።

«መኪናዋ ናት» አላቸው በሹክሹክታ። «ግን ትነሣለች ተብሏል።»

ሽማግሌው አማተቡና እሳቸውም ገብተው ቆሙ። ጊዜው ሲደርስ ጋሼ እንድሪስ ለደምሴ ራሳቸውን ነቀነቁለት። ቁልፉን አዞረ፤ ተነሣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ያች መኪና ቆማ አታውቅም።

የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ግን ለጋሼ እንድሪስ ቀረባቸው። አቶ ምትኩ ምክንያት ሳይሰጡ መኪናዋን ሌላ ጋራዥ እንድልክ አዘዙኝ። ጋሼ እንድሪስም ኪራዩ ከብዷቸው ፋሲሎን ለቅቀው ዘንዘልማ፣ አዲስ ቤቶች ከሚሠሩበት አጠገብ፣ ከቆርቆሮ የተሠራች ጋራዥ ከፈቱ። እኔ አልፎ አልፎ ብቅ እያልሁ እጠይቃቸው ነበር። ባጃጅ ሲጠግኑ አገኛቸዋለሁ። ስለ አቶ ምትኩ አንድም ክፉ ቃል ሲወጣቸው አልሰማሁም።

ዓመታት አለፉ። አንድ ከሰዓት በኋላ አቶ ምትኩ፣ እኔና ሌሎች ባልደረቦች ከለቅሶ ስንመለስ፣ የራሳቸው የአቶ ምትኩ መኪና ዘንዘልማ ላይ ጠፋች። «እዚህ አካባቢ የምታውቂው ሰው አለ?» አሉኝ።

«አንድ ሰው አለ» አልሁ። ማን እንደሆነ ገባቸው። «እንግዲህ…» ብለው ወረዱ። ገፍተን ወሰድናት።

ጋሼ እንድሪስ አቶ ምትኩን ሲያዩ ወንበር አቀረቡላቸው፣ አቧራውንም በእጃቸው አራገፉ። «ይቀመጡ፤ ደክሞዎታል» አሉና ዳሽቦርዱ ሥር ጀርባቸውን ሰጥተው ተኝተው ገቡ። ውስጡ ጨለማ ነው። በአንድ እጃቸው የእጅ ባትሪ፣ በሌላው ሽቦ ይዘው ይታገላሉ። አቶ ምትኩ ወንበሩ ላይ እየተቁነጠነጡ ሲያዩዋቸው ቆዩና፣ ድንገት፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ተናገሩ።

«ያን ጊዜ እኮ ለብቻዬ ቢነግሩኝ ኖሮ አስተካክለው ነበር። ሰው ፊት ማዋረድ አያስፈልግም ነበር።»



«እኔ ደምሴን ሌባ ያልሁት ግቢ ሙሉ ሰው እየሰማኝ ነው፣ አቶ ምትኩ» አሉ ጋሼ እንድሪስ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ እንደዚያ ዝቅ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። «ለእርስዎ በጆሮዎ ብነግርዎ፣ እኒያ ሁሉ ሰዎች ከማን ይሰሙ ነበር?»

አቶ ምትኩ መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ ተነሡና የለቅሶ ልብሳቸውን እንደለበሱ አፈሩ ላይ ተንበረከኩ፤ እጃቸውን ሰድደው የእጅ ባትሪውን ከጋሼ እንድሪስ ተቀበሉ።

«እዚህ ጋ ልያዘው?»

«ትንሽ ከፍ ያድርጉት» አሉ ጋሼ እንድሪስ።

ከፍ አደረጉት።